አራት ቀን የቀረው ውል

ወይዘሮ ኡጋኪ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ በራቸው ላይ ግን «ደህና ነኝ» የሚል የተጻፈባት ትንሽ አረንጓዴ የእንጨት ሰሌዳ ከማለዳ ጀምሮ ተሰቅላ ነበር።

በሃማዩ የጡረተኞች መኖሪያ ደንቡ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት እንጨቱን ከበሩ ውጪ ባለችው ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ማታ ወደ ውስጥ ያስገባል። ዘበኛው በአንድ ሰዓት ተኩል ፎቅ ለፎቅ እየዞረ እንጨት ያልተሰቀለበትን በር ያንኳኳል፤ የተሰቀለበትን አልፎ ይሄዳል። የወይዘሮ ኡጋኪንም በር አልፎት ሄደ። የተገኙት ለጭፈራ ልምምድ ሳይመጡ ሲቀሩ ነው። እሳቸው ደግሞ ከልምምድ ቀርተው አያውቁም።

ኢንስፔክተር ሳዋታሪ በዘጠኝ ሰዓት ደረሰች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። ከመኪና ስትወርድ ጉልበቷ ተንቋቋ። ኮረብታው ላይ የቆመውን ነጭ ሕንፃ፣ ከሥሩ የተዘረጋውን ባሕር፣ በዚያ የጥር ብርድ ሜዳው ላይ ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሳሳቁትን ሽማግሌዎች አየችና «ከነዚህ ይልቅ እኔ አርጅቻለሁ» አለች ለራሷ። እውነቷን ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ሬሳ ማየት ያስረጃል።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ጠበቃት።

«ጭንቅላታቸው የደፉን ጠርዝ መትቷል። ወዲያው ነው ያለፉት» አላት።

«መቼ?»

«ትናንት ማታ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ውስጥ።»

«እና ጠዋት ተነሥተው ደህና ነኝ ብለው እንጨት ሰቀሉ?»

«ያንን እኔን አትጠይቂኝ፤ የኔ ሥራ ከሬሳው ጋር ነው።»

ወይዘሮ ኡጋኪ ከመግቢያው ከፍ ካለው ደፍ ሥር፣ ጫማ በሚወለቅበት ድንጋይ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። የሹራባቸው ቀኝ እጅጌ እስከ ጣታቸው ጫፍ ተለጥጧል፤ የግራው አንጓቸው ላይ ነው። ከግድግዳው ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል፤ አንዱ የስፖርት፣ አንዱ ነጠላ ጫማ። አፍንጫቸው ወደ በሩ ዞሯል፣ በጥንዶቹ መካከል አንድ ጡጫ የሚያህል ክፍተት አለ፣ ከየጥንዱ የግራው ጫማ ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ቀደም ብሏል። ሳዋታሪ መንበርከክ ስለማይሆንላት ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያልተሞላ ቅጽ ነበር፤ «የእንክብካቤ ሕንፃ መግቢያ ማመልከቻ» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ሂራባያሺ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አገኘችው።

«አደጋ ነው አይደል?» አላት ገና ሳትቀመጥ። «እባክዎ አደጋ ነው ይበሉኝ። ስልሳ ሁለት ሰው ነው እዚህ የሚኖረው።»

«በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል?»

«አዎ።»

«እንጨቷስ ማታ የት ነው የምትሆነው?»

«ከበሩ ጀርባ፣ ከውስጥ።»

«እንግዲህ አንድ ሰው ማታ ሲወጣ ይዟት ወጥቷል፤ ጠዋት ተመልሶ ሰቅሏታል። የግቢው በር እንዴት ነው?»

«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይከፈታል። ካሜራ አለው። ልጃቸው ማታ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሲወጣ ይታያል፤ ከዚያ ወዲህ እስኪነጋ የገባ የለም። እኔም በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ዛሬ ሁለት ተኩል ነው የገባሁት።»

ሳዋታሪ ቅጹን አሳየችው።

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ሰኞ መጥተው ‹ከአትክልቱ ማዶ ባለው የእንክብካቤ ሕንፃ ቦታ አለ ወይ?› አሉኝ፤ ለሚያውቁት ሰው። ከሚቀጥለው ወር አንድ አልጋ አለ ስላቸው ደስታቸው ሌላ ነበር።»

«እዚህኛው ሕንፃ ለመግባትስ ምንድነው የሚጠየቀው?»

«ራስን መቻል ነዋ! በራሱ እግር የሚሄድ፣ ራሱ አብስሎ የሚበላ። የመጀመሪያው ዘጠና ቀን ሙከራ ነው። በዚያ ውስጥ ራሱን ያልቻለ ሆኖ ከተገኘ ውሉ ይፈርሳል። ዘጠናው ቀን ካለፈ ግን ቢታመም፣ አልጋ ላይ ቢውል፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ቤቱ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ሰው ጉልበቱ ሳለ የሚመጣው።»

«ሳይቃጠል በቅጠል።»

«እንደዚያ ነው።»

«አሁን በሙከራ ላይ ያለ ማነው?»

«የእትዬ ኡጋኪ ጎረቤቶች ብቻ፤ ባልና ሚስቱ ናሩሴ። አራት ቀን ቀርቷቸዋል። ደጋግ ሰዎች ናቸው። ቤታቸውን ሸጠው ነው የመጡት።»

የሟቿ ልጅ ኬይጎ አትክልቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ኑማዙ ከተማ ዓሣ ይነግዳል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ የዚያን ቀን ግን መንገድ ላይ ጠፍቶ የተገኘ ሕፃን ይመስል ነበር።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው ሳዋታሪ ከጎኑ እየተቀመጠች።

«ስምንት ወር ሙሉ ያልተጣላንበት ቀን የለም።»

«በምን?»

«በዚህ ነዋ!» ሕንፃውን በአገጩ አሳያት። «ሰባ ዓመቷ ነው። ትዋኛለች፣ ትጨፍራለች፣ ብንሽቀዳደም እኔን ትቀድመኛለች። ከዚያ ብድግ ብላ እዚህ ገባች! ሰፈሩ ሁሉ ‹ኬይጎ እናቱን አውጥቶ ጣላት› ይላል። ደንበኞቼ ዓሣውን ትተው እኔን ነው የሚገላምጡት።»

«እሳቸው ምን ይሉህ ነበር?»

«‹በእግሬ ስሄድ ቦታዬን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ተሸክመው ሲወስዱኝ ግን የሚመርጠው ተሸካሚው ነው› ትለኝ ነበር። የስፖርት አስተማሪ ነበረች፤ ሁሉን ነገር በፊሽካ ነው የምታዝዘው።» ወደ ሳዋታሪ ዞረ። «ያን ቅጽ አይቼዋለሁ። ታማ ነበር አይደል? ደብቃኝ ነው?»

«ትናንት ስንት ዋኙ?»

«ስምንት መቶ ሜትር። ስትፎክርብኝ አመሸች።»

«የታመመ ሰው ስምንት መቶ ሜትር አይዋኝም። ስትወጣ ጫማቸው እንዴት ነበር?»

ኬይጎ ግራ ገብቶት አያት። «እንደ ሁልጊዜው! አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሷ ጫማ ነው የምደናቀፈው። ትናንትም ተደናቅፌ ‹እዚህም ጫማ የሚያነሣልሽ አልቀጠሩልሽም?› ብያት በሩን ጠርቅሜ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቃል ይዤ ልኖር ነው።»

ሳዋታሪ ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ተነሣች።

ወይዘሮ ናሩሴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቶ የቀላ ሴት ናቸው። ሳዋታሪ ደፉ ላይ ጫማዋን በቀስታ አውልቃ ገባች። ውስጥ ባልየው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ገና እጅ ሳትነሣቸው ብድግ ብለው በአጠገቧ አልፈው ወደ መግቢያው ወጡ።

«ባለቤቴ ጆሮው ከብዷል» አሉ ወይዘሮ ናሩሴ ሻይ እየቀዱ፣ ፈጠን ብለው። «የሚጠይቁትን እኔን ይጠይቁኝ።»

«ትናንት ማታ የሰሙት ነገር ነበር?»

«ልጁ ሲጮህባት ሰምተናል። ከዚያ ዝም። እኛም ራታችንን በልተን፣ ቴሌቪዥን አይተን ተኛን። ጠዋት እንጨቷን በሯ ላይ ሳይ ደህና አደረች ብዬ አለፍኩ። ምን ላድርግ?»

አቶ ናሩሴ ተመልሰው መጡና ለሳዋታሪ ጎንበስ አሉ። «ሻንጣዎን ክፍልዎ አስገብተውልዎታል?»

«ቀልድ ይወዳል» አሉ ሚስትየው፤ ፈገግታቸው ግን ከከንፈራቸው አላለፈም። «አርባ አንድ ዓመት የፍል ውኃ ሆቴል በር ላይ ጫማ ተቀባይ ነበር። እንግዳ ሲያይ ይነሣበታል።»

«በዚህ ዕድሜ ዕቃ ሸክፎ መዛወር አይደክምም፣ እትዬ?»

«ደክሞኛል» አሉ ወይዘሮ ናሩሴ። ቃሉ ሳያስቡት ነበር የወጣው። «ቶሎ መምጣት ነበረብን። አሥር ዓመት ሙሉ ስለምነው ‹ገና ነን፣ ምን ቸኮልሽ› ይለኝ ነበር።»

«አራት ቀን ቀርቷችኋል አሉ።»

የሻይ ጽዋው እጃቸው ላይ ቆመ። «አዎ። ከዚያ ወዲያ ከዚህ የሚያስወጣን የለም። አብረን ኖረን አብረን እንሞታለን። ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

«ሻንጣዎን ክፍልዎ አስገብተውልዎታል?» አሉ አቶ ናሩሴ።

ሳዋታሪ አመስግና ወጣች። መግቢያው ላይ ጫማዋ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቃት ነበር። ከግድግዳው ሥር ከተሰለፉት ከቤቱ ሰዎች ጫማ ጋር አንድ ጡጫ ያህል ተራርቋል፤ የግራው ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ቀድሟል። ቆማ አየችው። መርማሪ የፈለገውን ባገኘ ቁጥር ደስ ይለዋል የሚል ካለ ሞኝ ነው። ሳዋታሪ ጫማዋ ውስጥ እግሯን ስትከት ልቧ ወደቀ።

በማግስቱ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ኬይጎን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ባልና ሚስቱን። አንድ ሰው መንደሪንና ሻይ አቅርቧል። ከአቶ ናሩሴ በቀር የነካው የለም።

«ቆሜ ብናገር ደንብ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለች ሳዋታሪ። «እትዬ ኡጋኪ ብቻቸውን አልወደቁም። እጅጌያቸውን የያዘ ሰው ነበር። ልምታ ያለ ሰው እጅጌ አይይዝም፤ እጅጌ የሚይዘው ልለምን ያለ ነው።»

ኬይጎ ቀና አለ።

«አንተ አይደለህም፣ ልጄ። እንጨቷን ጠዋት የሰቀለው ሰው ግቢው ውስጥ ያደረ ነው። አንተ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ወጥተሃል፤ አቶ ሂራባያሺም ሲመሽ አልነበሩም። እናትህም አልታመሙም። ቅጹን የወሰዱት ለሌላ ሰው ነው፤ ራሱን መቻል ላቃተው፣ ግን እዚሁ ቤት ላለ ሰው። ባይሆን ኖሮ የግቢውን አልጋ ለምን ይጠይቃሉ?»

«ለማን?» አለ ሂራባያሺ።

«እደርስበታለሁ። ኬይጎ ሲወጣ የእናቱ ጫማ እንደ ልማዳቸው ተበታትኖ ነበር። እኔ ስደርስ ግን አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ፣ ጡጫ ተለክቶለት፣ ግራው አንድ ጣት ቀድሞ ተሰልፏል። ጫማ ማዞር የጨዋ ሰው ልማድ ነው፤ ሁላችንም እናዞራለን። ግራውን በጣት የሚያስቀድም ግን የእንግዳው እግር ሳይፈልግ እንዲገባለት አርባ አንድ ዓመት የተጨነቀ ሰው ብቻ ነው። ትናንት የኔንም አሰልፎልኛል። ጋሽ ናሩሴ ያን ማታ እዚያ ቤት ነበሩ።»

ኬይጎ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «እሳቸው ናቸው?»

«አይደለም!» ወይዘሮ ናሩሴ ጮኹ። «እሱን አትንኩት! እሱ ምንም አላደረገም!»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች ሳዋታሪ በቀስታ። «ማታ የወሰደውን እንጨት ጠዋት የሚሰቅል ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነገሩን በልቡ ይዞ ማደር አለበት። ጋሽ ናሩሴ ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ የጠየቁኝን መልሰው ጠየቁኝ። ጆሯቸው ግን ደህና ነው፤ ጫማዬን ሳወልቅ ከውስጥ ሆነው ሰምተውኛል። እርስዎ የደበቁልን የጆሮ ነገር አይደለም። ሁሉን አስበዋል፤ እንጨቷን፣ ሰዓቱን። ጫማውን ግን አላዩትም። ሃምሳ ዓመት እንደዚያ ተሰልፎ ሲያዩት የኖሩትን ነገር ዓይንዎ ከየት ያየዋል?»

ወይዘሮ ናሩሴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር።

«መርሳት ከጀመረው አራት ዓመቱ ነው። ለቃለ መጠይቁ ሁለት ወር አስጠንቼው ነው ያለፈው። እሷ ግን ባለፈው ሳምንት ነቃችብን። ረቡዕ ልለምናት ገባሁ፤ እሱም ተከትሎኝ ገባ፣ ከኔ አይለይም። ‹ነገ ቢሮ ሄደሽ ንገሪ፣ አለዚያ እኔ እነግራለሁ› አለችኝ። አራት ቀን፣ አምስት ቀን ታገሺኝ አልኳት። ‹ቆይ አንድ ወረቀት ላሳይሽ› ብላ ዞረች። የክስ ወረቀት መሰለኝ። እጅጌዋን ይዤ ሳብኩ። እሷም እጇን መነጨቀች፣ እኔም ለቀቅሁ።» አንገታቸውን ደፉ። «ትንፋሿን በመዳፌ ፈለግሁ። አጣሁት። ጠዋት የወደቀች ከመሰለ፣ ማታ የት ነበራችሁ ብሎ እሱን የሚጠይቀው አይኖርም ብዬ ነው። ቀኑ እስኪሞላ ነበር የፈለግሁት።»

«አቶ ሂራባያሺ፣ ዛሬ ጠዋት የነገሩኝን ይድገሙት» አለች ሳዋታሪ። ባትለው ደስ ይላት ነበር። ግን ኬይጎም እናቱ ምን ሊያደርጉ እንደነበር መስማት ይገባው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅጹን ሲወስዱ... ‹ባል ከማዶ ሕንፃ፣ ሚስት እዚህ ሆና ውላቸው ሳይፈርስ መኖር ይችላሉ ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። የማን ጉዳይ እንደሆነ አልነገሩኝም። ምሥጢር ነው ስላሉኝ ትናንት ሳልነግርዎ ተውኩት። ይቻላል አልኳቸው። መቶ እርምጃ ነው፤ ከመስኮት ይታያል።»

ወይዘሮ ናሩሴ ከወንበራቸው ወርደው በኬይጎ እግር ፊት ግንባራቸውን መሬት ላይ አደረጉ።

«እናቴን ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ትተዋት አደሩ» አለ ኬይጎ። እያለቀሰ ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ!» ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወጣ።

«አልጋው የሚቀጥለው ወር ነው ብለው ነበር» አለች ሳዋታሪ ለሥራ አስኪያጁ።

«ዛሬ አገኝላቸዋለሁ» አለ ሂራባያሺ። «የትም ብዬ አገኛለሁ።»

ወይዘሮ ናሩሴ ተነሥተው የባላቸውን ነገር አንድ ባንድ ለሥራ አስኪያጁ ነገሩት። ገላውን ሲታጠብ ጀርባውን ሰው ካላሸለት አይወጣም። ዓሣ አጥንቱ ካልተለቀመ ያንቀዋል። ሌሊት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ይወጣል፤ እጁን ይዞ «እንግዶቹ ሁሉ ገብተዋል» ካሉት ይተኛል። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ ወደ ባላቸው ሄደው የሸሚዛቸውን ቁልፍ አስተካከሉላቸው።

«ለራት ቶፉ ልገዛ ወጣ ልበል» አሏቸው።

«ቀስ ብለሽ» አሉ አቶ ናሩሴ መንደሪን እየላጡ። «መንገዱ ያንሸራትታል።»

መኪናው ውስጥ ሳዋታሪ ከኋላ ከወይዘሮ ናሩሴ ጎን ተቀመጠች። ከኮረብታው ሲወርዱ ሴትየዋ አላለቀሱም። እጃቸውን መቀመጫው ላይ ዘርግተው ወደ ባሕሩ ያዩ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ የምታስገቡኝ ቦታ ማታ በር ይከፈታል?»

«አይከፈትም፣ እትዬ።»

«ማንም ተነሥቶ አይወጣም?»

«ማንም አይወጣም።»

«አራት ዓመት ነው» አሉ ወይዘሮ ናሩሴ። «አራት ዓመት እጄን ከእጁ ጋር በመቀነት አስሬ ነው የምተኛው። ይህን ስል አፍራለሁ፣ ግን...» አልጨረሱትም። ራሳቸው ወደ መስኮቱ አዘነበለ። ታችኛው ቀለበት መንገድ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ጣቢያው በር ላይ ሲቆሙ ሾፌሩ ወርዶ ሊከፍት ሲል ሳዋታሪ በእጇ ከለከለችው። ሞተሩን አጥፋ አለችው። እዚያው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ናሩሴ የነቁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።